ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የደንብ ቋንቋና የሞተር ብስክሌት ነጂ

ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ግዴታን፣ ክልከላን፣ ፈቃድንና ምክርን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችን ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ በዚያም መሠረት ግልጽ የሆነ አጭር ደንብ ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. ከምንባቡ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. የራስ ቁር (በተለምዶ ሄልሜት የምንለው) በያዘ ነጂና ባደረገ ነጂ መካከል ምን ልዩነት አለ?
2. አንድ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሻገር የሚገዛው የየትኛው አገር ሕግ ነው?

ለ. ምንባብ

መያዝ፣ ማድረግ፣ ማሰር

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ቀበሌዎች ይገኛሉ። ከከተማ ወደ ገጠር የሚወስዱ ብዙ መንገዶች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ናቸው። አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ ሞተር ብስክሌት ይደርሳል፤ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ገበያተኛውን ወደ ገበያ ያደርሳል። ስለዚህ የሞተር ብስክሌት ጥቅም ለዚህ አካባቢ ሰው አይነገረውም። ሊነገር የሚገባው የአያያዙ ነገር ነው።

ማለዳ ከመንገድ ዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ ሦስት ዓይነት ነጂዎች ታያላችሁ። አንደኛው የራስ ቁሩን በክንዱ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ በራሱ ላይ ይደፋዋል። ሁለተኛው አድርጎታል፤ ማሰሪያውን ግን አላሰረም። ሦስተኛው አድርጎ፣ ከአገጩ ሥር ጠበቅ አድርጎ አስሮታል። ሦስቱንም «የራስ ቁር አለህ ወይ?» ብንላቸው መልሳቸው «አዎን» ነው። አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ግን የመጀመሪያው የሸፈነው ክንዱን እንጂ ራሱን አይደለም። የሁለተኛው ቁር ራሱ መሬት ሳይነካ ሊወልቅ ይችላል። በሚያስፈልግበት ሰዓት ቁሩ ከራሱ ላይ የሚገኘው ሦስተኛው ነው።

የአገራችን ሕግ ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈውም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የራስ ቁር ሳያደርጉ ሞተር ብስክሌት ማሽከርከርን ከጥፋቶች አንዱ አድርጎ ዘርዝሮት ነበር። የደንቡ ቃል «ሳይዙ» ሳይሆን «ሳያደርጉ» መሆኑ ታላቅ ቁም ነገር ነው።

አሁን ሦስተኛው ነጂ ለሥራ ወደ ኬንያ ለመሻገር አሰበ እንበል። የሌላ ቦታ ደንብ የሚገጥመው ገና ከአገሩ ሳይወጣ ነው። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር፣ ሞተር ብስክሌቶች እንዳይንቀሳቀሱ ተወስኖ ነበር። እንግዲህ በነቀምቴ የተፈቀደ ነገር በአዲስ አበባ ሊከለከል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ነጂው ሞያሌ ሲደርስ ደግሞ ግራና ቀኝ ይለዋወጡበታል። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ በኬንያ ግን በግራ ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የመድን ሽፋን መግባት ግዴታ ነው፤ ድንበር ለሚሻገር ተሽከርካሪ ደግሞ የኮሜሳ አባል አገሮች የሚቀበሉት «ቢጫ ካርድ» የተባለ የመድን ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የኬንያ የትራፊክ ሕግ ነጂውም ተፈናጣጩም የራስ ቁርና አንጸባራቂ ሰደርያ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ነጂው በአንድ ጊዜ ከአንድ ተፈናጣጭ በላይ እንዳይጭንም ይከለክላል። ነጂው «በአገሬ እንዲህ አልተባልኩም» ቢል ከቅጣት አይድንም። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከአፍሪካ ወጣ ብለን የፈረንሳይን ሕግ ብንመለከት፣ የአንዲት ግሥ ለውጥ ምን ያህል ትርጉም እንዳላት እናያለን። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሞተር ብስክሌት ነጂ አንጸባራቂ ሰደርያ መያዝ አለበት፤ የሚለብሰውም ተሽከርካሪው ተበላሽቶ ወይም አደጋ ደርሶ መንገድ ላይ ሲወርድ ነው። ጓንት ግን ነጂውም ተፈናጣጩም በጉዞ ላይ ማጥለቅ አለባቸው። ሰደርያውን በሻንጣው የያዘ ሰው ሕጉን ፈጽሟል፤ ጓንቱን በሻንጣው የያዘ ሰው ግን ሕጉን ጥሷል።

እነዚህ ሕጎች ያለ ምክንያት አልወጡም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 «የዓረብ ሎውረንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ የጦር መኮንንና ደራሲ ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ፣ በብስክሌት ይሄዱ ከነበሩ ሁለት ልጆች ጋር ላለመጋጨት ሲል ከሞተር ብስክሌቱ ወደቀ። የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ሂዩ ኬርንስ በዚህ ሞት እጅግ አዘነ፤ ሐዘኑንም ወደ ምርምር ለወጠው። በሞተር ብስክሌት መልእክት ያደርሱ በነበሩ ወታደሮች ላይ የደረሰውን የራስ ጉዳት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ጽሑፉን አወጣ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር ሠራዊት ነጂዎቹን የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ግዴታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በመካከሉ 32 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ሕጉ ሲቪሉን ነጂ አላስገደደውም፤ የመንገዱ ድንጋይ ግን ሲቪሉን ከወታደሩ አይለይም ነበር።

በኋላ ዘመን በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ የራስ ቁር በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ የሰው ራስ ቅል ግን በነቀምቴም ሆነ በናይሮቢ ወይም በፓሪስ አንድ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ሕጉ ምን ይለኛል?» ይላል፤ ቀጥሎም «ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ራሴን የሚጠብቅልኝ ማን ነው?» ይላል።

ሐ. የቃላት ፍች

ተፈናጣጭ — በሞተር ብስክሌት ወይም በከብት ላይ ከነጂው ኋላ የሚቀመጥ ሰው
ሰደርያ — እጅጌ የሌለው፣ ከላይ የሚደረብ ልብስ
አንጸባራቂ — ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ
ሦስተኛ ወገን — በመድን ውል ውስጥ የሌለ፣ በአደጋው ግን የሚጎዳ ሰው

መ. ሰዋስው

ደንብ በሚጻፍበት ጊዜ አራት ዓይነት አነጋገሮች ይለያሉ።

1. ግዴታ፦ ንዑስ አንቀጽን ከ«አለበት» ጋር በማጣመር ይነገራል። ምሳሌ፦ ነጂው የራስ ቁሩን ማሰር አለበት። ልብ በሉ፤ «መብት አለው» እንላለን እንጂ «መብት አለበት» አንልም። «ግዴታ አለበት» ስንል «በ» የተባለችው ፊደል ሸክሙ በሰውየው ላይ መሆኑን ታመለክታለች።
2. ክልከላ፦ ከአንድ ተፈናጣጭ በላይ መጫን የተከለከለ ነው። ማንም ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር አይችልም።
3. ፈቃድ፦ ነጂው አንድ ተፈናጣጭ መጫን ይችላል።
4. ምክር፦ ነጂው እጀ ረጅም ልብስ ቢለብስ ይበጀዋል።

ምክርን በግዴታ፣ ግዴታንም በምክር መልክ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል። ከዚህም ሌላ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚስማማውን ግሥ ምረጡ። የራስ ቁር ይደረጋል፤ ማሰሪያው ይታሰራል፤ ጓንት ይጠለቃል፤ ሰደርያ ይለበሳል፤ መንጃ ፈቃድ ይያዛል። «ነጂው የራስ ቁር ሊኖረው ይገባል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቁሩን ከቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለውንም ነጂ ነጻ አውጥቶታል።

ሠ. መልመጃ

አንድ፦ የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ግዴታ፣ ክልከላ፣ ፈቃድ ወይም ምክር መሆናቸውን ለዩ።
1. ተፈናጣጩ ጉዞው ሳይጀመር የራስ ቁሩን ማሰር አለበት።
2. ነጂው በዝናብ ጊዜ ፍጥነቱን ቢቀንስ ይመረጣል።
3. እያሽከረከሩ በስልክ መነጋገር ክልክል ነው።
4. ነጂው ሰደርያውን በሻንጣው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል።

ሁለት፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ግልጽ አድርጋችሁ እንደ ገና ጻፉ።
1. የራስ ቁር አስፈላጊ ነው።
2. ነጂውና ሌላው ሰው ጓንት ይኑራቸው።
3. ብዙ ሰው መጫን ጥሩ አይደለም።

ሦስት (ድርሰት)፦ ወደ ትምህርት ቤታችሁ በሞተር ብስክሌት ለሚመጡ ነጂዎችና ተፈናጣጮች ስድስት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ማን፣ ምን፣ መቼ ማድረግ እንዳለበት ይታወቅ። ከስድስቱ አንዱ ምክር ይሁን። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ለጓደኛችሁ ስጡት። ጓደኛችሁም ቁሩን በክንዱ ባንጠለጠለው ነጂ ቦታ ራሱን አድርጎ ደንቡን ያንብብ። ደንቡን ሳይጥስ ቁሩን እንዳንጠለጠለ ሊያልፍ የሚችልበት ቀዳዳ ካገኘ፣ ዐረፍተ ነገሩ ገና አልተጻፈም ማለት ነውና እንደ ገና ጻፉት።