ቀይ ዓይን ሁሉ የዓይን በሽታ አይደለም

አንዲት እናት የሦስት ወር መርፌዋን ለመወጋት ወደ ክሊኒካችን ስትመጣ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ነበር። የልጁ የአንደኛው ዓይን ነጩ ክፍል ደም ቋጥሯል። ዐሥር ቀን ሙሉ የቴትራሳይክሊን ቅባት ስትቀባው ከርማለች። እኔም መጀመሪያ «ሲጫወት ተመትቶ ይሆናል» ብዬ ነበር። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጌ ሳየው ግን ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። እግሩ ላይ ቁንጫ የበላው የሚመስሉ ቀያይ ነጥቦች አሉ፤ ጫን ሲሏቸው አይጠፉም። በዚያው ቀን ለደም ምርመራ ላክነው። የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሉኪሚያ የሚባለው ይህ በሽታ በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች በብዛቱ ቀዳሚው ነው። የሚነሣው ከአጥንት መቅኔ ነው። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች መቅኔውን ሲሞሉት፣ ለቀይ የደም ሴልና ደምን ለሚያረጋው ፕሌትሌት መሠሪያ ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ልጁ ይገረጣል፤ ሳይመታም ይደማል። ደሙ ከዓይን ጀርባ ከፈሰሰ እይታው ይደበዝዛል። ትንሽ ልጅ ደግሞ «አላይም» ብሎ አይናገርም፤ ዕቃ ሲያጋጨው ነው የምታውቁት። በአንዳንዶቹ የበሽታው ሴሎች ከዓይን ኋላ ተጠራቅመው ዓይኑን ወደ ውጭ ይገፉታል። ያን ጊዜ ጎረቤት «ቡዳ በላው» ይላል፤ ስንት ሳምንት በከንቱ ያልፋል!

እርግጥ አብዛኛው የዓይን መቅላት ቀላል ነው። ዓይናር ካለውና የሚያሳክክ ከሆነ ተራ የዓይን ሕመም መሆኑ ይበዛል። ብርቱ ሳልም ዓይን ላይ ደም ሊያስቋጥር ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የሚያሠጋው ከመገርጣት፣ ከማይለቅ ትኩሳት፣ ከነስርና ከድድ መድማት፣ ከንፍፊት ወይም «እግሬን አመመኝ» ብሎ መራመድ ከመጥላት ጋር ሲመጣ ነው። ብሌኑ በብርሃን ነጭ ሆኖ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዓይን ሞራ ወይም የዓይኑ የራሱ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለዓይን ሐኪም አሳዩት።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲኖራችሁ ሙሉ የደም ቆጠራ እንዲታዘዝለት ጠይቁ። በሽታው የሚረጋገጠው በመቅኔ ምርመራ ነው። አስፒሪን አትስጡት፤ መድማቱን ያብሳል። በሽታው አይተላለፍም፤ ከወንድሞቹ ጋር ቢተኛ ግድ የለም። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ሕክምና አለ። በጊዜ ተጀምሮ ሳይቋረጥ ከተሰጠ ብዙ ልጆች ይድናሉ። ይሁንና ለአብዛኞቹ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ የመመላለሻውን ወጪና ማን ልጁን እንደሚያመላልስ ባልና ሚስት ከመጀመሪያው ተቀምጠው ይነጋገሩበት።