ያለጊዜያቸው የሚወለዱ የጋፒ ጫጩቶች

ጥያቄ፦ ጋፒ ዓሦች አረባለሁ። እናቲቱን ለመውለድ ስትቃረብ ወደ መውለጃ ሳጥን ሳዛውራት፣ ሆዳቸው ላይ ቢጫ ከረጢት ያለባቸው ጫጩቶች ትወልዳለች። አብዛኞቹ ይሞታሉ። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ጋፒና ሞሊ እንቁላላቸውን ሆዳቸው ውስጥ ፈልፍለው የሚወልዱ ዓሦች ናቸው። የጋፒ እርግዝና ከ21 እስከ 30 ቀን ይወስዳል። ጽንሱ የሚመገበው ከአስኳሉ ስለሆነ፣ ቢጫው ከረጢት ጫጩቱ ያለጊዜው መወለዱን ያሳያል።

የተለመደው መንስኤ ድንጋጤ ነው፦ በመጨረሻዎቹ ቀናት በመረብ መያዝ፣ ጠባብ ሳጥን፣ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውኃ፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል፣ መብራት ሲጠፋም ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ስለዚህ የአየር ፓምፕ በጣም ያስፈልጋል።

እናቲቱን ጨርሶ አለማዛወር ይመረጣል። በገንዳው ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል ካለ ጫጩቶቹ ይሸሸጉበታል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሳይዋዥቅ ቢቆይ፣ የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እንዲለቅ ተከድኖ ሳይሆን ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ቢያድር መልካም ነው። ከረጢት ያለባቸው ጫጩቶች ጥልቀት በሌለው፣ ሙቀቱ እኩል በሆነ ጸጥተኛ ውኃ ይቀመጣሉ፤ አስኳሉ እስኪያልቅ ምግብ አይሰጣቸውም። ሁሉም ላይተርፉ ይችላሉ።

ችግሩ በተከታታይ ወሊዶች ከተደጋገመ፣ ወይም የእናቲቱ ቅርፊት ከቆመ፣ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል። በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችንም መጠየቅ ይቻላል።