ካርዱ ስንት ዋት ይበላል? ስንት ዲግሪስ ይሞቃል?
ለጌም ቤት ባለሀብቶችና ለኮምፒዩተር ነጋዴዎች

በነቀምቴ፣ በግምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ ጌም ቤት ለመክፈት ወይም የጌም ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ አምጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው የግራፊክስ ካርዱን ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የሚሸከመው ብር ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ካርድ የሚከፈልለት አንዴ ብቻ አይደለም። በየወሩ በቆጣሪ በኩል፣ ሲቃጠል ደግሞ በካፒታል ይከፈልለታል። እነዚህን ሁለት ወጪዎች አስቀድሞ የሚናገሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ዋትና ዲግሪ።

ዋቱ ምን ይነግረናል?

ግራፊክስ ካርድ ማለት የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒዩተር ክፍል ነው። ጌም በሚከፈትበት ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ኮረንቲ የሚበላው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ፋብሪካው ለጂቲኤክስ 1650 የሰጠው ልክ 75 ዋት፣ ለአርቲኤክስ 3060 170 ዋት፣ ለአርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ ለአርቲኤክስ 4090 ደግሞ 450 ዋት ነው። ካርዱ ከባድ ጌም ሲያጫውት ወደዚህ ልክ ቢደርስ ጤናማ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ኮምፒዩተር ያለው ጌም ቤት እንውሰድ። ካርዱ 3060 ቢሆንና ስክሪኑን ጨምሮ የቀረው ዕቃ 130 ዋት ቢበላ፣ አንዱ ኮምፒዩተር 300 ዋት፣ አምስቱ 1,500 ዋት ይሆናሉ። በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ በወር 450 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ካርዱ 4060 ቢሆን ግን አምስቱ 1,225 ዋት፣ በወር 367.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ልዩነቱ በዓመት 990 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህንን ቁጥር በሂሳብ ደረሰኝዎ ላይ በሰፈረው ታሪፍ ያባዙት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 3060 በመግዣው ቢረክስም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 4060 በአብዛኛው ጌም ከእርሱ እየፈጠነ የሚበላው ያነሰ ነው። የማስታወሻ መጠኑ ግን ከ12 ጊጋባይት ወደ 8 ዝቅ ያለ በመሆኑ ደንበኞችዎ የሚጫወቱትን ጌም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

የፊንጫ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከወለጋ ምድር ኮረንቲ ያመነጫል፤ የአመርቲ ነሼ ጣቢያም በአቅራቢያው ነው። ቆጣሪ ግን ቅርበት አያውቅም። በመሆኑም በወለጋ ያለ ነጋዴ እንደ ማንኛውም ከተማ ነጋዴ ዋቱን መቁጠር ይኖርበታል።

ዲግሪውስ?

ካርዱ የበላው ኮረንቲ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከላይ ያነሳነው የአምስቱ ኮምፒዩተር 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድን ሙቀት ግማሽ የሚጠጋ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ጥዶ እንደመዋል ይቆጠራል። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢጨምር የካርዱም ሙቀት ወደዚያው ይጠጋል።

ጌም በሚጫወቱበት ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ነው። ፋብሪካው ለ3060 የሰጠው የመጨረሻ ጣሪያ 93፣ ለ4060 ደግሞ 90 ዲግሪ ነው። ካርዱ ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ደንበኛውም ይሄዳል።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይገባል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ሻምቡ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በነቀምቴ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ይህንን በከፊል ይክሳል። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርዱ ግን አየሩ ጠንከር ቢልም የቆላው ሙቀት ይተካል። ስለዚህ በውጭ አገር የተለካ ዲግሪ ለእኛ ከተሞች ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሲገዙ እንዴት ይፈትኑ?

«ለቀምት» በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና ናሙናው ሳይቀመስ ደረጃ አይወጣለትም። ካርድም እንደዚሁ ነው። በተለይ ያገለገለ ካርድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤተሪየም ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል።

ሻጩ ኮምፒዩተሩን አብርቶ «ይኸው 40 ዲግሪ ነው» ቢልዎት ምንም አልነገረዎትም፤ ሥራ የፈታ ካርድ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ተከፍቶ ከባድ ጌም ለ30 ደቂቃ ይሂድ። ዋቱ ወደ ፋብሪካው ልክ ተጠግቶ፣ ዲግሪው ከ80 በታች ረግቶ፣ ፍጥነቱ ካልወረደ መልካም ነው። በአማካይ ሙቀቱና ሆትስፖት በሚባለው እጅግ በሞቀው ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት ከ25 ዲግሪ ካለፈ ግን ከማቀዝቀዣው ጋር የሚያገናኘው ቅባት ሳይደርቅ አልቀረም። ማስቀየሪያውን ከዋጋው ያስቀንሱ፤ ወይም ይተዉት።

ከተገዛ በኋላ

የሚቀረው ቁጠባ ወጪ የለውም። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ካርዱ 200 ምስል እንዲሠራ መተው ኮረንቲ ማፍሰስ ነው፤ በጌሙ ማስተካከያ ገደብ ይደረግበት። ፓወር ሊሚት በሚባለው ማስተካከያ ልኩን ከመቶ 20 ያህል ዝቅ ማድረግም ብዙውን ጊዜ የሚያስቀረው ፍጥነት ጥቂት ነው። በበጋ አቧራው ይጠረግ፤ ሣጥኑ ከግድግዳ ይራቅ። መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ጊዜ ለሚመጣው ግፊት ስታቢላይዘር አይዘንጋ፤ አቅሙም በአምስቱ ድምር ዋት ላይ ተጨማሪ ተይዞለት ይመረጥ።

እንግዲህ ካርድ ሲገዙ ሦስት ዋጋ ይጠይቁ፤ የመግዣውን በብር፣ የማሠሪያውን በዋት፣ የዕድሜውን በዲግሪ። የመጀመሪያውን ሻጩ ይነግርዎታል። ሁለቱን ግን የሚነግርዎት የ30 ደቂቃው ፈተና ነው።