ጭነትን በቁጥር ስለ መምራት



በጥንት ዘመን አንድ ነጋድራስ ሲራራውን ይዞ ረዥም መንገድ ከመጀመሩ አስቀድሞ ብዙ ነገር ያሰላ ነበር። ስንት በቅሎና ስንት አህያ እንዳለው፣ እያንዳንዱ ስንት አሞሌ ሊሸከም እንደሚችል፣ ውሃ በየትኛው ሰፈር እንደሚገኝ፣ ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ በየኬላውም ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፈል በአእምሮው ይዞ ይጓዝ ነበር። ይኸን ያወቀ ነጋዴ እንስሶቹንም ዕቃውንም አድኖ ከገበያ ይደርሳል፤ ያላወቀው ግን በመንገድ ይቀራል። ዛሬ ግን ጭነቱም መንገዱም እጅግ ስለ በዛ፣ አንድ ሰው ቁጥሩን ሁሉ በአእምሮው ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ሥራው ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል።

በየጊዜው የተመዘገበውን ብዙ ቁጥር ሰብስቦ፣ አጣርቶና አመዛዝኖ፣ ከውስጡ ለሥራ የሚረዳ ዕውቀት ማውጣት የመረጃ ትንተና ይባላል። ዕቃን ከመነሻው እስከ ተረካቢው ድረስ የማከማቸት፣ የመጫን፣ የማጓጓዝና የማስረከብ ሥራ ደግሞ በጠቅላላው ሎጂስቲክስ ይባላል። በዚች አጭር ጽሑፍ ሁለቱ እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ቀጥሎም ለአገራችን ምን ሊጠቅም እንደሚችል በተረዳሁት መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ። የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቅደም ተከተል ችግር

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ነገሩን በትንሽ ሒሳብ ልጀምረው። አንድ የጭነት መኪና በጧት ከመጋዘን ተነሥቶ ለሦስት ደንበኞች ዕቃ አድርሶ ይመለሳል እንበል። ደንበኞቹን ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን እንጥራቸው። ከመጋዘኑ እስከ ሀ 4፣ እስከ ለ 6፣ እስከ ሐ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ከሀ እስከ ለ 6፣ ከሀ እስከ ሐ 10፣ ከለ እስከ ሐ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ነው።

ሾፌሩ «ሁልጊዜ የሚቀርበኝን አስቀድማለሁ» ቢል፣ ከመጋዘን ወደ ሀ፣ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ ሄዶ ይመለሳል። ይኸም 4 + 6 + 14 + 9 = 33 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያ ወደ ለ፣ ቀጥሎ ወደ ሀ፣ በመጨረሻም ወደ ሐ ቢሄድ 6 + 6 + 10 + 9 = 31 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሚቀርበውን ማስቀደም ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ልዩነቱ በቀን 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ መኪናው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅና ጎማ በከንቱ ያልቃል ማለት ነው።

ለሦስት ደንበኞች ያለው ቅደም ተከተል 6 ብቻ ስለሆነ በወረቀት ሊሠራ ይችላል። ደንበኞቹ 5 ሲሆኑ ግን ቅደም ተከተሉ 120፣ 10 ሲሆኑ 3,628,800 ይደርሳል። 20 ሲሆኑ ደግሞ ቁጥሩ 19 አኃዝ ያለው ይሆናል፤ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን የሚፈትሽ መሣሪያ ቢኖረን እንኳ ሁሉን ፈትሾ ለመጨረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁሉን ሳይፈትሹ መልካሙን መንገድ የሚያገኙበትን ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በ1954 ዳንትዚግ፣ ፉልከርሰንና ጆንሰን የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን 49 ከተሞችን ዞሮ የሚመለሰውን አጭር መንገድ በሒሳብ ዘዴ አግኝተው፣ ከዚያ ያነሰ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጡ። በ1959 ደግሞ ዳይክስትራ የተባለ የሆላንድ ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ለማግኘት የሚረዳ ዘዴ አሳተመ። ዛሬ በእጅ ስልካችን መንገድ የሚያሳዩን ካርታዎች ከእንዲህ ያለው ሒሳብ የተወለዱ ናቸው።

የአንድ ኩባንያ ምሳሌ

ይኸ ሒሳብ ወደ ገበያ ወርዶ ምን እንደ ሠራ ለማየት ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ እንመልከት። በ1907 በሲያትል ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሥራው ጥቅልና ሣጥን ከቤት ወደ ቤት ማድረስ ነው። አንድ ሾፌር በቀን ከመቶ በላይ በሆኑ ቦታዎች ይቆማል። በምሳሌያችን ሦስት ደንበኛ ያን ያህል ካሳሰበን፣ መቶው ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ኩባንያው በየመኪናው ላይ ቦታን በሳተላይት የሚያሳውቅና የሞተሩን፣ የፍሬኑን፣ የበሩን ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ አስገባ። ከዚህ መዝገብ መኪናው ሥራ ፈትቶ ሞተሩ እየሠራ የቆመበት ጊዜ ስንት እንደሆነ፣ የትኛውም ዕቃ ከመሰበሩ በፊት መለወጥ እንደሚገባው ለማወቅ ተቻለ። ከዚያም ኦራይን የተባለውንና የየዕለቱን ቅደም ተከተል የሚያወጣውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጀ። ፕሮግራሙ በ2016 በአሜሪካ 55,000 ያህል የሥራ መስመሮችን እንዲያዳርስ ተደረገ። ኩባንያው እንደ ገለጸው በዓመት 160 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞና 38 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነዳጅ ይቆጥባል። ይኸን ብናካፍለው ለእያንዳንዱ መኪና በሥራ ቀን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ትንሹ ነገር ሲጠራቀም ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ኩባንያው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሾፌሮቹ በተቻለ መጠን ወደ ግራ እንዳይታጠፉ ይመክራል። እንደ እኛ አገር በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሁሉ አሳልፎ መጠበቅ አለበት፤ ቆሞ ሲጠብቅ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሲቸኩል ደግሞ ይጋጫል። ወደ ቀኝ እየታጠፉ ትንሽ መዞር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ስለ ሾፌሩ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። መሣሪያው የሚቆጥረው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውንም ይቆጥረዋል። የት እንደ ቆመ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ ሁሉ ይመዘገባል። ታዲያ ይኸ ቁጥር ሥራውን ለማቅለል ነው ወይስ ሠራተኛውን ለማጣደፍ?

ኦራይን በተሞከረበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣው መንገድ ለብዙ ዓመት የሠሩትን ሾፌሮች ደስ አላሰኛቸውም ነበር። ካርታው የጓሮውን በር አያውቅም፤ ሾፌሩ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ኩባንያው ካርታዎቹን ማረምና የሾፌሮቹን ልማድ በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አስፈለገው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ምሳሌያችን ለኮምፒዩተር አዋቂዎችም የሚገባ መሆኑ ከዚህ ይታያል። የሾፌሮቹ ማኅበር ቲምስተርስም ከኩባንያው ጋር በገባው ውል፣ የማታለል ሥራ ካልተገኘበት በቀር ማንም ሠራተኛ ከመሣሪያው በተገኘ ማስረጃ ብቻ እንዳይባረር አስወስኗል። በ2023 በተደረገው ውል ደግሞ የሾፌሩን ፊት የሚያነሣ ካሜራ በመኪናው ውስጥ እንዳይገባ ተስማምተዋል። ስለዚህ መቁጠር ጥሩ ነው፤ የተቆጠረውም ሰው መብት ሊኖረው ይገባል።

ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከውጭ የሚገባውና ወደ ውጭ የሚወጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የቀድሞው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ቢሆንም ብዙው ጭነት የሚጓዘው በመኪና ነው። ከምንልከው የምናስመጣው ስለሚበልጥም ብዙ መኪናዎች ወደ ወደብ የሚወርዱት ባዶአቸውን ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በመኪና መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና ጭኖ ሲመለስ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ መንገዱ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ጭነቱን ግን ወደብ ከደረሰ በአምስተኛው ቀን ማለት በ120 ሰዓት አስረከበ እንበል። ከዚህ ውስጥ 40 ሰዓት ለእንቅልፍና ለምግብ ቢሰጥ፣ የቀረው 60 ሰዓት በወረፋ፣ በወረቀት ሥራና በማራገፍ የተጠበቀበት ነው።

አሁን ባለቤቱ «ዕቃዬ ዘገየ» ብሎ ሾፌሩን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ቢያስገድደው የሚያተርፈው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዚያውም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ጨምሮ። የመጠበቂያው ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ ግን 30 ሰዓት ይተርፋል፤ ማንም አይጎዳም። ይኸን ምሳሌ ያቀረብሁት የእያንዳንዱ ሰዓት መዝገብ ካልተያዘ ጥፋቱ ሁልጊዜ በሾፌሩ ላይ እንደሚወድቅ ለማሳየት ነው። መዝገቡ ሲያዝ ግን መዘግየቱ ከበር ላይ ይሁን ከቢሮ፣ ከሚዛን ይሁን ከመጋዘን በግልጥ ይታወቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በመንገድ መቸኮል በወረፋ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም።

ዕቃ መዘግየቱ የሚጎዳው ነጋዴውን ብቻ አይደለም። ኮንቴነር በቀኑ ካልተመለሰ የመርከብ ኩባንያው ቅጣት ያስከፍላል፤ ቅጣቱም በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ገዢው ይከፍለዋል። ማዳበሪያ ከዘር ጊዜ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? መድኃኒትም እንደዚሁ ነው።

በዚህ ረገድ በአገራችን የተጀመረ ሥራ አለ። በ2020 የተከፈተው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ነጋዴው ለየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ከመጥናት ይልቅ ሰነዱን በአንድ በኩል እንዲያቀርብ ያስችላል። ሰነድ በወረቀት ብቻ ሲዞር ማን ዘንድ ስንት ቀን እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ያስቸግራል፤ በኮምፒዩተር ሲያልፍ ግን የገባበትና የወጣበት ሰዓት ሊቀር ይችላል። ያንን ሰዓት አንብቦ ችግሩን ማቃለል የባለሙያ ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር የተሰጠውን ቁጥር ያሰላል እንጂ ቁጥሩ እውነት መሆኑን በራሱ አያረጋግጥም። አንድ የመጋዘን ጸሐፊ 4 ሰዓት የገባውን መኪና «6 ሰዓት ገባ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለት ሰዓት የጠበቀው ሾፌር ምንም እንዳልጠበቀ ሆኖ ይቈጠራል፤ በዚያ ላይ የሚሠራውም ሒሳብ ሁሉ ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ የጭነት መኪና ያላችሁ ብትኖሩ በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የተደረሰበትና የተነሡበት ሰዓት፣ የቆሙበትም ምክንያት በየቦታው ይጻፍበት። ከስድስት ወር በኋላ ደብተሩን ብታነቡት ሾፌራችሁን ስለ ምን እንደምታመሰግኑት፣ ስለ ምንም አቤት እንደምትሉ ታውቃላችሁ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ በክፍል የምንማረው ማባዛት፣ አማካይ ማውጣትና ግራፍ መሣል ለፈተና ብቻ የሚያገለግል አይምሰለን። ከላይ የሠራነው የሦስት ደንበኞች ሒሳብ ከመደመር የሚያልፍ ዕውቀት አልጠየቀም። የአራት ደንበኞችን ደግሞ እናንተ በየደብተራችሁ ሞክሩት፤ ቅደም ተከተሉ 24 ነው።