ቅንጨ አረም በተቆራረጠ መሬት ላይ የሚዛመትበትና የሚጸናበት ሁኔታ

በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ጭድ ተራ ስሙን ያገኘው ከጭድ ንግድ ነው። ጭድ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ምርጊት ይውላል፤ ይሁንና ሁልጊዜ ብቻውን አይጓዝም። በእርሻው ውስጥ አረም ከነበረ ዘሩ ከሰብሉ ጋር ታጭዶና ተወቅቶ አብሮ ይጫናል። ከልዩ ልዩ ወረዳ የመጣ ጭነት በአንድ ገበያ ተገናኝቶ እንደገና ሲበተን፣ ከበቀለበት የማይነቃነቀው ተክል እግር ያገኛል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ፓርቴኒየም የሚባለው ቅንጨ አረም ነው። የትውልድ ሥፍራው ሞቃታማው አሜሪካ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በድሬዳዋና በሐረርጌ፣ በኋላም በደሴ አካባቢ ታይቷል። እነዚህ ሥፍራዎች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለዋና ዋና የዕርዳታ እህል ማከፋፈያዎች ቅርብ ስለነበሩ፣ ከእህሉ ጋር ተደባልቆ ሳይገባ እንዳልቀረ ብዙ አጥኚዎች ይገምታሉ። በሶማሊያው ጦርነት ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች አመጡት የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ፣ ነፍስ ለማዳን የተጫነ እህል የገበሬውን ማሳ የሚያጠፋ ዘር ሊይዝ መቻሉ ለዕርዳታ ሠራተኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት አረሙ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሪቻርድ ሌቪንስ የተባሉ ሊቅ የሰብል ተባይ ቁጥጥርን በሚመለከት አንድ ቀላል ስሌት አቀረቡ። መሬቱ የተቆራረጠ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወይ ተይዟል ወይ ባዶ ነው። የመጥፊያው መጠን ለመዛመቻው መጠን ተካፍሎ ውጤቱ ከ1 ሲቀነስ፣ ተክሉ ጸንቶ የሚይዘው ድርሻ ይገኛል። ለማስረዳት ያህል መጥፊያው 0.2፣ መዛመቻው 0.5 ቢሆን ከ100 ቁራጮች 60ዎቹ ይያዛሉ። መዛመቻውን በግማሽ መቀነስ ቁጥሩን ወደ 20 ያወርደዋል፤ መዛመቻው 0.2 ሲደርስ ደግሞ አረሙ ቀስ በቀስ ይከስማል። መጥፊያውን በእጥፍ ማሳደግም ቁጥሩን እዚያው 20 ላይ ያደርሰዋል።

በወረቀት ላይ ሁለቱ መንገዶች እኩል ናቸው፤ በማሳ ላይ ግን አይደሉም። አንድ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘርም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የታረመ ማሳ በእርግጥ ባዶ አይደለም። አራሚውም ቆዳው ያሳክከዋል፣ ትንፋሹ ይታወካል። በሌላ በኩል ስሌቱ ዘሩ ወደ ሁሉም ቁራጭ እኩል ይደርሳል ብሎ ያስባል፤ የጭነት መኪና ግን መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ያሻግረዋል።

በመሆኑም በሰፈራ ጣቢያ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ማሳው ሳይሆን እህል፣ መኖና ጭድ የሚራገፍበት ሜዳ፣ የመኪና መቆሚያውና የመንገዱ ዳር ነው። አረሙ ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ሊያብብ ስለሚችል፣ ጉብኝቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ የበቀለው ዘር ሳይጥል ይነቀላል።