ድንጋይ ላይ ምን ይኖራል?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ዓለታማ የባሕር ዳርቻ ነው። "ባሕር የሌለን እኛ ምን አገባን?" እንዳትሉኝ። ለምን እንደሚያገባን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ሕይወት ያላቸው ነገሮች የት የት እንደሚገኙ ሲጠይቁን እኔ እጄን አውጥቼ "ድንጋይ ላይ ግን ምንም አይኖርም" አልኩ። መምህራችንም "እስቲ አጣሪና ለሚኒ ሚዲያ ጻፊው" አሉኝ። ቤት ስገባ አያቴን ጠየቅኳቸው። አያቴ በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ምጽዋ ነበሩ። "ጠዋት ውሃ የሸፈነውን ድንጋይ በኋላ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ላዩ ላይ የተጣበቀው ዛጎል ደግሞ በቢላዋም አይነሳ" አሉኝ። እኔም በነጋታው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ውሃው ለምን ይመጣል፣ ለምን ይሄዳል?

የጨረቃና የፀሐይ ስበት የባሕርን ውሃ ይስበዋል። በዚህ ምክንያት በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላትና በሽሽት መካከል ባለው ዓለት ላይ የሚኖር ፍጥረት ኑሮው ከባድ ነው። ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ይመታዋል። በዚያ ላይ ማዕበሉ ይደበድበዋል።

ታዲያ እንዴት ይኖራሉ? አንዳንዶቹ እንደ ሲሚንቶ በሚጠነክር ሙጫ ዓለቱ ላይ ይጣበቃሉ። መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ራሱን በቀጫጭን ክሮች ከዓለቱ ጋር ያስራል። ውሃው ሲሸሽ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ዘግቶ እርጥበቱን ይቆጥባል። ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ።

ዓለቱን እንደ ፎቅ ቤት አስቡት። ላይኛው ፎቅ ላይ ድርቀት የሚችሉት አሉ። መካከሉ የመስል ነው። ታች ኮከብ ዓሣና የባሕር አረም ይኖራሉ። መስል ወደ ላይ እንዳይወጣ ሙቀቱ ይከለክለዋል። ወደ ታች እንዳይወርድ ደግሞ ኮከብ ዓሣ ይበላዋል። ኮከብ ዓሣ የመስልን ክዳን በክንዶቹ ፈልቅቆ ሆዱን ወደ ውጭ አውጥቶ ዛጎሉ ውስጥ ያስገባል! እዚያው ይፈጨውና ሆዱን መልሶ ይሰበስባል።

አንዱ ሲጎድል

እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በዋሽንግተን ግዛት ፓስፊክ ዳርቻ አንድ ሙከራ ጀመረ። ከአንድ የዓለት ክፍል ላይ ኮከብ ዓሣዎችን እየነቀለ ወደ ባሕር ወረወረ። አጠገቡ ያለውን ዓለት ግን አልነካም። በላተኛው ስለሄደ ሌሎቹ የሚደሰቱ ይመስላል አይደል? ግን ተቃራኒው ሆነ። መስል ቦታውን ሁሉ እየያዘ ሌሎቹን ገፋቸው። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 እንደወረዱ ገለጸ። እንዲህ ያለውን እንስሳ "ቁልፍ ዝርያ" አለው። ቁልፍ የሆነው ድንጋይ ከቅስት በር አናት ላይ ሲወጣ በሩ ይፈርሳልና።

ሙቀቱ ሲጨምር

ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ምድርም ትሞቃለች። ባሕሩም ከዚህ ጋዝ ሩብ ያህሉን ስለሚውጥ አሲድነቱ ይጨምራል። ያኔ ዛጎል መሥራት ያስቸግራል። ሙቀቱ መስልን ከላይ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ታች ደግሞ ኮከብ ዓሣ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መኖሪያው ከሁለት በኩል ይጠባል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በምዕራብ ካናዳ ከባድ ሙቀት ሆነ። ውሃው የሸሸው በቀኑ ሐሩር ስለነበር የአንዳንድ ዓለቶች ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ደረሰ። መስሎቹ ክዳናቸው ውስጥ እንዳሉ ተቀቀሉ። አንድ ተመራማሪ በዚያ ዳርቻ የሞቱት እንስሳት ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ ብሎ ገምቷል። መስል ሮጦ ጥላ ውስጥ መግባት አይችልም።

እኛን ምን አገባን?

ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሰፈራችን ወዳለው ወንዝ ወርደን ድንጋይ እያነሳን አየን። ቆሻሻ ከሚጣልበት ቦታ በላይ ካለው ድንጋይ ሥር ብዙ ዓይነት የነፍሳት እጮች ነበሩ። ወንድሜ ሰባት ዓይነት ቆጠረ። ከቆሻሻው በታች ግን ያገኘነው ቀያይ ትሎችን ብቻ ነው። እነሱ አየር ባነሰው ቆሻሻ ውሃም መኖር ይችላሉ፤ ሌሎቹ አይችሉም። ወንዙ ያው አንድ ወንዝ ነው፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። ከቆሻሻው ውስጥ የእኛ ቤት ፌስታልም እንዳለበት ሳስብ አፈርኩ።

እናንተም ሄዳችሁ እዩ። ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ አይታችሁ ስትጨርሱ እንደነበረ መልሱት፣ የሰው ቤት ነውና። መምህር፣ ድንጋይ ላይ ምንም አይኖርም ያልኩት ተሳስቼ ነው።

ጥያቄዎች፦
1. መስል ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይስፋፋ የሚከለክሉት ሁለት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. ኮከብ ዓሣው ሲወገድ ዝርያዎቹ ለምን ቀነሱ?
3. በአካባቢያችን "ቁልፍ ዝርያ" ሊሆን የሚችል ማን ይመስላችኋል? ለምን?

መልሳችሁን ክበባችን በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!