ውሻ አስከትለው በእግር ለሚጓዙና በድንኳን ለሚያድሩ የተሰጠ የጤና ትምህርት

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ባልንጀራ፣ የቤትና የከብት ጠባቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬም አንዳንድ የከተማ ሰዎች በዕረፍታቸው ቀን ድንኳንና ስንቅ ይዘው፣ ውሻቸውን አስከትለው ወንጪን ወደ መሰለ ደጋ በእግር ይወጣሉ። ንጹሕ አየርና የእግር ጉዞ ለሰውነት እጅግ የሚጠቅም ስለ ሆነ ይህን ልማድ አንነቅፍም። ነገር ግን መኪና ከማይደርስበት ስፍራ የሚያድር ሰው ከሐኪምም የራቀ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። በከተማ በአንድ ሰዓት የሚገኘው ርዳታ በዚያ የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ሊያውቀው የሚገባውን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

1ኛ፤ ከጉዞ በፊት። የዕብድ ውሻ በሽታ ሰውን ከሚይዝባቸው 100 ጊዜዎች እስከ 99 የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ውሻው ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይከተብ፤ ክትባቱ በሰውነት ውስጥ ኃይል እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳልና። የኮሶ ትል መድኃኒትም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው።

2ኛ፤ በመንገድ ላይ። ውሻው ዘወትር በገመድ ይያዝ። በየመንደሩ ያሉት የከብት ጠባቂ ውሾች እንግዳ ውሻ ሲያዩ ለመጣላት ይነሣሉ፤ ባለቤቱም ሊያላቅቅ በመካከላቸው ሲገባ የሚነከሰው እርሱ ራሱ ይሆናል።

3ኛ፤ በሰፈሩበት ቦታ። በየመንገዱ የታረደ በግ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ። በውስጡ ውሃ የቋጠረ እጢ ያለበትን ሥጋ የበላ ውሻ ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በውሃና በምግብ በኩል ወደ ሰው ሲገባ፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ እጢ ያበቅላል። እንግዲህ ውሻውን የዳሰሰ ሁሉ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውሻውም ሆነ የሰው ዓይነ ምድር ከምንጭና ከወንዝ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ 20 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ የሚጠጣው ውሃ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

4ኛ፤ ሰው ቢነከስ። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ሳሙና ከስንቅ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ከረጢት የሚገባውም ስለዚህ ነው። የውሻ ምራቅ የተላጠ ቆዳን ቢነካም እንደዚሁ ይደረግ። አመድ፣ ቡና ወይም ቅባት በቁስሉ ላይ አይደረግ። ከዚያም ጭረቱ ምንም ትንሽ ቢሆን ጉዞው ይቋረጥና ተነካሹ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መንገድ ይጀምር። «ሕመም አልተሰማኝምና ሁለት ቀን ልቈይ» ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቈያል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ለማለት ይቻላል። የሥር መድኃኒት እየጠጡ ቀን ማሳለፍም ክትባቱ ሊያድንበት የሚችለውን ጊዜ ማባከን ነው። በጊዜው የተጀመረና እስከ መጨረሻው የተፈጸመ ክትባት ግን ሕይወትን ያድናል።

5ኛ፤ ስለ ቀይ ቀበሮ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በሙሉ ዕድሜ ያለው ከ500 የማይበልጥ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ዳግመኛም በ2003፣ ከመንደር ውሾች የተጋባ የዕብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንግዲህ ወደ ባሌም ሆነ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ፣ ቢከተብም እንኳ ውሻውን በቤቱ ትቶ ይሂድ ብለን እንመክራለን።

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንድ የክትባት ቀን፣ አንድ ገመድና አንድ ሳሙና ለመንገደኛው ከባድ ሸክም አይደሉም። እነዚህን ሳይዝ የወጣ ግን ራሱን ብቻ ሳይሆን፣ አብረውት የሚሄዱትን ልጆቹንና በደጋው የሚኖረውን እረኛ ጭምር ለአደጋ ያጋልጣል።